ነርስ የወጣችበት ቤት

ባለፈው የምሩቃን ስብሰባችን ላይ ከባች ጓደኞቼ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበን ስንጫወት አንድ ጥያቄ ጣልኩላቸው። ዓመታት የተማርንበት፣ ስንት ሌሊት ዲዩቲ ያደርንበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ መጀመሪያ በማን መታሰቢያነት ነበር የታሰበው? ስምንት ሐኪሞች ነበርን። እርስ በርስ ተያየን፤ ከዚያ ሳቅን። መልሱ የመጣው ከጎናችን ከተቀመጡት የቀድሞ መምህራችን ነው። በሐረር መስፍን በልዑል መኮንን።

እኔም ብሆን ይህን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ያውም አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ ዳርቻ፣ አንድ አሮጌ ቪላ ቤት ደጃፍ ቆሜ። ልዑሉ በልጅነታቸው የስደት ዓመታትን ያሳለፉት እዚያ ቤት ነው። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ስለ እሳቸው ሳይሆን ስለ ታላቅ እህታቸው ስለ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው። ሕይወታቸውን የማወራው በዚያ ቤት በኩል ነው፤ ምክንያቱም ቤት ቅርስ የሚሆነው በምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከእሳቸው ታሪክ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

አንድ ይቅርታ ልጠይቅ። ልዕልቷን አንቱ ማለት ወጉ ነው። እኔ ግን ታሪኳን ካወቅሁ ወዲህ በልቤ የማስባት እንደ አንድ የዎርድ ባልደረባ ነው። በ22 ዓመቷ ነው ያረፈችው፤ አሁን ባለሁበት ዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ከዚህ በኋላ እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አንባቢ ድፍረት አድርጎ አይቁጠርብኝ። ዓመተ ምሕረቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ባዝ የሄድኩት ለአጭር ሥልጠና ለንደን በነበርኩበት ጊዜ ነው። አንድ ቅዳሜ ከፓዲንግተን ባቡር ተሳፈርኩ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ባዝ እንደ እኛው ፍል ውኃ ከምድር በሚፈልቅ ሙቅ ውኃ የታወቀች፣ ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩባት ጥንታዊ ከተማ ናት። ከ1987 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መሀል ከተማው ሲያዩት ዓይን ይማርካል። እኔ የፈለግሁት ቤት ግን መሀል አልነበረም። በምዕራብ በኩል ኒውብሪጅ ከሚባለው ሰፈር፣ ከኬልስተን መንገድ ዳር ነው። ስሙ ፌርፊልድ ይባላል።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት፣ ገንዘብ ያላቸው እንግሊዛውያን ከከተማ ጭስና ግርግር ሸሽተው ዳር ዳር ላይ እንዲህ ያሉ ቪላዎች ይሠሩ ነበር። ግቢ ያለው፣ ረጃጅም መስኮት ያለው፣ በየክፍሉ የከሰል ምድጃ ያለው ቤት ማለት ነው። ፌርፊልድም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የተሠራ ነው። የአሠራሩ ስልት የጣሊያን ገጠር ቪላዎችን የተከተለ ነው ሲሉኝ ሳላስበው ሳቄ መጣ። ከጣሊያን ወረራ ሸሽቶ የመጣ ቤተሰብ፣ በሰው አገር ከዝናብ የተጠለለው በጣሊያን ስልት በተሠራ ጣሪያ ሥር ነው።

ልዕልት ፀሐይ የተወለደችው በጥቅምት 1919 አዲስ አበባ ነው። አባቷ ያኔ ራስ ተፈሪ መኮንን ነበሩ፤ እናቷ ወይዘሮ፣ በኋላ እቴጌ መነን አስፋው። ከሴቶቹ ልጆች የመጨረሻዋ ናት። የ11 ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ከእሷ በፊት የነበረችው ልዕልት ዘነበወርቅ በአፍላ ዕድሜዋ ሞታለች። አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል ያለበት አካባቢ እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ የሚባለው በእሷ ስም ነው። ታክሲ ውስጥ ዘነበወርቅ ወራጅ አለ የምንል ስንቶቻችን የማንን ስም እንደምንጠራ እናውቃለን? እንጃ።

ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በስድስት ኪሎ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተሠራ። ይህን ቤት ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ ከደረጃው ላይ ጋዎን ለብሳችሁ ፎቶ ተነሥታችኋል። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ ያሉበት ነው። ጣሊያን በ1935 ወረራውን ሲጀምር ፀሐይ 16 ዓመቷን ልትደፍን ነበር። የከተማው ሴቶች ተሰባስበው ለግንባር ፋሻ ሲያዘጋጁ፣ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል ጭምብል ሲሰፉ እሷም ከአስተባባሪዎቹ አንዷ ሆነች። ጣሊያን በሰማይ እየመጣ የሚያፈሰው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳ ያቆስል፣ ዓይን ያጠፋ፣ ሳንባ ያቃጥል ነበር። ከቁስል ጋር የተዋወቀችው እንግዲህ በዚያን ጊዜ ነው ማለት ነው።

ግንቦት 2 ቀን 1936 የንጉሡ ቤተሰብ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጣ። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን የገቡት ሰኔ 3 ቀን ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤቱታቸውን አሰሙ። ማኅበሩ ሰማ፤ ያደረገው ነገር ግን አልነበረም። በዚያው ዓመት ፌርፊልድ ተገዛና ቤተሰቡ ገባበት።

የስደት ቤት ነውና ሙሉ ነበር። ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ካህናት፣ መኳንንት፣ አሽከሮች አብረው ነበሩ። በግቢው የአትክልት መስተዋት ቤት እንደ ጸሎት ቤት ሆኖ ያገለግል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ የተባለውን መጽሐፋቸውን ማዘጋጀት የጀመሩት ባዝ ተቀምጠው ነው። ውጭ ሲያዩት ቪላ ነው፤ ውስጡ ግን ችግር ነበር። ይዘዋቸው ከመጡት የብር ዕቃዎች እየሸጡ ነበር የሚኖሩት። ያን የሚያክል ቤት ለማሞቅ የከሰሉ ወጪ እንኳ ይከብድ ነበር። የእንግሊዝ ክረምት እርጥበት ለእቴጌ መነን አልስማማ ብሎ ብዙውን ጊዜ ኢየሩሳሌም ነበር የሚቀመጡት። በየካቲት 1937 ደግሞ ከአዲስ አበባ እልቂት ተሰማ። የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ የተጀመረው በዚያው በገነተ ልዑል ግቢ ነው፤ እነ ፀሐይ ትተውት በወጡት ቤት ደጃፍ። በዚያው ወር የታላቅ እህቷ የልዕልት ተናኘወርቅ ባለቤት ራስ ደስታ ዳምጠው በጣሊያኖች ተገደሉ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል ነው ልጅቷ ነርስ እሆናለሁ ያለችው።

ይህን ቀላል አድርገን እንዳናየው። በዚያን ጊዜ አገራችን ውስጥ የበሽተኛ ገላ ማጠብ፣ ሽንት መድፋት፣ ቁስል ማጽዳት የአሽከርና የገረድ ሥራ ተደርጎ ነበር የሚታየው። የንጉሥ ልጅ ይህን ትሠራለች ብሎ የሚያስብ አልነበረም። እሷ ግን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተማሪ ነርስ ሆና ገባች። ሥልጠናው ዓመታት የሚፈጅ ነው። ተማሪዎቹ የሚኖሩት በሆስፒታሉ የነርሶች ማደሪያ ነው፤ የሚነሡት በማለዳ ነው፤ ሥራው አልጋ ማንጠፍ፣ ሕፃን ማጥባት፣ ሙቀት መለካት፣ ሌሊት መቆም ነው። በ1939 በሕፃናት ነርስነት ብቁ ሆና ተመዘገበች። ጦርነቱ እንግሊዝን ሲደርስ ደግሞ በጋይስ ሆስፒታል የጠቅላላ ነርስነት ሥልጠናዋን ቀጠለች። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ የኢትዮጵያ ልዕልት እንግሊዛውያንን ታስታምም ነበር። አገሯ ላይ የሰማይ እሳት ሲወርድ ዓለም ዝም ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ዝም አላለችም።

ፌርፊልድ ከለንደን ስትመለስ የምታርፍበት ቤተሰቧ ቤት ነበር። በረጅሙ መስኮት ሸለቆውን እያየሁ ስቆም የታየችኝ እንደዚያ ነው። እንደ ማንኛችንም ከዲዩቲ ወጥታ፣ እግሯ አብጦ፣ ሻይ ይዛ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠች ልጅ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1940 በድብቅ በአውሮፕላን ወደ አፍሪካ ሄዱ፤ ግንቦት 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገቡ። እሷም አገሯ ተመለሰች። ምኞቷ ዘመናዊ ሆስፒታል እንዲቆም፣ ኢትዮጵያውያት ነርሶች እንዲሠለጥኑ ነበር። በ1942 አቢይ አበበን አገባች፤ በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑት ማለት ነው። ባለቤቷ ወለጋን እንዲያስተዳድሩ ሲሾሙ አብራቸው ወደ ነቀምት ወረደች። ነሐሴ 17 ቀን 1942 ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው አረፈች። የተቀበረችው አዲስ አበባ፣ በዓታ ለማርያም፣ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ባረፉበት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ታሪክ ሳነብ ለምን እንዳለቀስኩ የሚገባችሁ ያኔ ነው። እንደተመረቅሁ የተመደብኩት በምዕራቡ የአገራችን ክፍል በሚገኝ አንድ የገጠር ሆስፒታል ነበር። አንድ የነሐሴ ሌሊት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ አንዲት ወጣት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። ቤቷ ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ደም እየፈሰሳት ለሰዓታት በጭቃ መንገድ ተጉዘዋል። የተማርኩትን ሁሉ አደረግሁ። ኦክሲቶሲን ሰጠሁ፣ በእጄ አወጣሁ፣ ማሕፀኗን ስጫን ቆየሁ። ደም ግን አልነበረም። ደም ያለበት ቦታ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ነበር። ባሏ እጁን ዘርግቶ የእኔን ውሰጂ ሲለኝ የምመረምርበት፣ የምቀዳበት ዕቃ እንኳ በእጄ አልነበረኝም። ሊነጋ ሲል ሞተች። ዕድሜዋን ካርዱ ላይ 22 ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፀሐይ የሞተችው ከዚያ 60 ዓመት ያህል ቀደም ብላ ነው። የንጉሥ ልጅ ነበረች፤ በለንደን ትልልቅ ሆስፒታሎች የሠለጠነች ነርስ ነበረች፤ የክፍሉ ገዥ ሚስት ነበረች። ይህ ሁሉ አላዳናትም። በወሊድ የምትሞትን ሴት የሚያድናት ማዕረጓ አይደለም፤ በአጠገቧ ያለው የሠለጠነ እጅ፣ መድኃኒቱ፣ ደሙ፣ መንገዱ ነው። ይህን እሷ ከማንም በላይ ታውቀው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ነርስነትን የተማረችውም ለዚሁ ነበር።

ከሞተች በኋላ የሆነውን ልጨርስላችሁ። ከወረራው መጀመሪያ ጀምሮ ለኢትዮጵያ በብዕሯ የታገለችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በስሟ ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰበች። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ቀረና የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ታናሽ ወንድሟ ልዑል መኮንን በ1957 በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ለእሳቸው መታሰቢያ የታሰበው ሆስፒታልም የእኛው ጥቁር አንበሳ ሆነ። ስሙ በመለወጡ ቅሬታ የለኝም። ጥቁር አንበሶች ንጉሡ ከወጡ በኋላ በ1936 በዚያው በወለጋ ተደራጅተው ጠላትን የተዋጉ የተማሩ ወጣቶች ነበሩ፤ መሪያቸውም የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ሁለቱም ስሞች የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። የሚያስቆጨኝ አንዱን ስም ስንሰቅል ሌላውን መርሳታችን ነው።

ፌርፊልድስ? ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ወደ ባዝ ተመልሰው ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው። በ1958 ቤቱን አረጋውያን እንዲገለገሉበት ለባዝ ከተማ ሰጡ። ጥቂት ዓመት ቆይቶም ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ለቀቁ፤ ዩኒቨርሲቲያችንም በ1961 ተከፈተ። በዚያ ግቢ የተማሩት ልጆች ደግሞ ኋላ በሰጪው ላይ ተነሥተው መሬት ላራሹ አሉ። ስለ ንጉሡ ዛሬም አንድ ሐሳብ የለንም፤ በዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከልም የለም፤ እኔም ልፈርድ አልመጣሁም። ሁለቱ ቤቶች ግን ከተሰጡበት ዓላማ አልወጡም። አንዱ ተማሪ፣ ሌላው ሽማግሌ ሲያስተናግዱ ኖሩ።

ፌርፊልድ የገባሁ ዕለት ሳሎኑ ውስጥ አረጋውያን ተሰብስበው ነበር። ከካሪቢያንና ከእስያ መጥተው ባዝ ውስጥ ያረጁ ሰዎች ለዓመታት ሲገናኙበት የቆየ ቤት ነው። ከጃማይካ የመጡ አንዲት እናት ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ፣ ሥራዬን ጠየቁኝ። ሐኪም መሆኔን ስነግራቸው እሳቸውም በወጣትነታቸው መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ነርስ እንደነበሩ አጫወቱኝ። ያኔ ስለ ፀሐይ የማውቀው ጥቂት ነበር። በዚያ ቤት ነርስ እንደነበረች የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የአገሬን ልዕልት ታሪክ ከጃማይካ ሴት ሰማሁ፤ አላፈርኩም ብል ውሸት ነው።

ባዝን የሚያክል ከተማ ውስጥ፣ ሮያል ክሬሰንትን የመሰለ የሕንፃ ጌጥ ባለበት፣ ፌርፊልድን ለድንጋዩ ብሎ የሚያይ ብዙ ሰው አይኖርም። የዘመኑ ቪላ ነው፤ ተመሳሳዮቹ እንግሊዝ አገር ሞልተዋል። በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ግድግዳው ላይ ብቻ አይደለም። ማን ተጠለለበት፣ ማን ከዚያ ወጥቶ ምን ሠራ፣ ዛሬስ ማንን ያገለግላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው ዋጋውን የሚያገኘው። ጠያቂ ሲጠፋ ቤቱ ድንጋይና እንጨት ይሆናል። ድንጋይና እንጨትን ማፍረስ ደግሞ ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም። የፈረሰ አሮጌ ቤት ሁሉ ቅርስ ነበር አልልም። ግን ከመፍረሱ በፊት ማን ኖረበት ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ለአንድ የምሳ ግብዣ የምናዋጣው ይበቃዋል። ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግረን ተማሪው በየቀኑ በሚያልፍበት አንድ ግድግዳ ላይ ጽሑፍ እንስቀል። ጥቁር አንበሶች እነማን እንደነበሩ፣ ልዑል መኮንን ማን እንደነበሩ፣ እህታቸው ነርስ ሆና እንደኖረችና በወሊድ እንደሞተች በአጭሩ ይጻፍበት። በማዋለጃው ክፍል አቅራቢያ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ሌሊት ለዲዩቲ የሚሮጥ ኢንተርን አንድ ቀን ቆም ብሎ ያነበዋል።

ከእናንተ መካከል ቀደምት ባቾች ብዙ ታውቃላችሁ። ስለምንማርባቸውና ስለምናክምባቸው ሕንፃዎች የምታስታውሱትን ጻፉልን፤ ያላችሁን ፎቶ ላኩልን። በሚቀጥለው ስብሰባችን ያንኑ ጥያቄዬን ይዤ እመጣለሁ። ያኔ ከጎናችን የሚቀመጡት መምህራችን እንዲያርፉ፣ መልሱን እኛው እንስጥ።